በሞተር ብስክሌት ላይ በገዛ እጅ ስለሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ

ሞተር ብስክሌት ከፋብሪካ በወጣበት መልኩ ብዙ ዘመን የሚኖር ንብረት አይደለም። ገና አዲስነቱ ሳያልፍ አንዱ ባለቤት ከኋላው ፖርቶ መጋላ ያስበይድለታል፤ ሌላው የፊት መብራቱን በበረታ ይለውጠዋል፤ ሦስተኛው ማርሚታውን ፈትቶ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሌላ ይገጥምለታል፤ ከባለሙያ ይልቅ የገዛ እጁን የሚያምነውም ሰው ካቻቢቴና ፒንሳውን ይዞ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በግቢው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲታገል ይውላል። ጠባዩ በለንደንም፣ በሎስ አንጀለስም፣ በጅማም አንድ ነው። በጉዳዩ ላይ የሚሰጠው አስተያየት ግን በሁለት ጫፍ የቆመ ነው፤ አንደኛው ወገን ፋብሪካ የሠራውን መንካት ድፍረት ነው ሲል፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዕቃው ቀዳዳ አግኝቶ በብሎን ከታሰረ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጥረዋል። ሁለቱም ሊመረምሩት የሚገባውን ነገር ትተውታል። ይኸውም ሞተር ብስክሌት በሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል፣ በክብደቱ አቀማመጥ፣ በሚስበው አየርና በመሪው እንቅስቃሴ መካከል መሐንዲሶች ተጨንቀው ያደላደሉት ሚዛን ስላለው፣ በላዩ የሚጨመረው ነገር ሁሉ ዋጋው ከነዚህ ከአንዱ ሒሳብ ተቀንሶ የሚከፈል መሆኑ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምንሄድበትም መንገድ ይኸው ዋጋ ከየት እንደሚከፈል እየጠየቁ ማለፍ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩን መነሻ ስንመለከት ቀዳሚው ሥራ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ሆኖ እናገኘዋለን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወጣቶች ከባዶቹን የሐርሊ ዴቪድሰንና የኢንዲያን ሞተር ብስክሌቶች ፓራፋንጎ እየቈረጡ፣ ለጌጥ የተሠራውን እየነቀሉ፣ ሸክሙን እያቃለሉ ፍጥነቱን ያበዙት ጀመር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1938 በለንደን የሰሜን ዙሪያ መንገድ ዳር የተከፈተው ኤስ ካፌ፣ ከጦርነቱ በኋላ ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት የሚሽቀዳደሙ ጐረምሶች መሰብሰቢያ ሆነ፤ የእነዚህም ልጆች እጅ ከወለዳቸው ሥራዎች ሁሉ ስመ ጥሩ የሆነው ትራይተን የሚባለው ነው። ትራይተን የትራያምፍ ሞተር በኖርተን ቴላዮ ላይ የተቀመጠበት ድብልቅ ነው። ኖርተን በ1950 ለእሽቅድምድም ያቀረበውና የሰሜን አየርላንዱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈው ቴላዮ በመታጠፊያ ላይ አቻ ያልነበረው ሲሆን፣ የትራያምፍ ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ቀላልና ብርቱ ነበር። ቴላዮው በርካሽ የተገኘበት ምክንያትም አስገራሚ ነው፤ ኖርተን ሞተሩን ለብቻው አልሸጥም በማለቱ፣ ባለ 500 ሲሲ ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪና የሚሠሩ ሰዎች ሞተር ብስክሌቱን በሙሉ ገዝተው ሞተሩን እያወጡ ቀሪውን ይጥሉት ስለ ነበር፣ ሌላው የጣለውን ሌላው አነሣው። ይህ ድብልቅ ከብዙ ዘመን በኋላም የሚመሰገነው ሠሪዎቹ የእያንዳንዱን ክፍል ጥቅምና ጉድለት ዐውቀው በመምረጣቸው ነው።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ግን ከማንኛውም እጅ ጋር አብሮ የሚሄድ አይደለም። በ1969 የወጣው ኢዚ ራይደር የተባለው ፊልም፣ ክሊፍ ቮስና ቤን ሃርዲ የተባሉት ጥቁር አሜሪካውያን በሠሯቸው ሞተር ብስክሌቶች አማካይነት፣ የፊት ሹካው ረዝሞ ወደ ፊት የተዘረጋውን ቅርጽ በዓለም ሁሉ አስፋፋ። በቀጥታ መንገድ ላይ ሲታይ ግርማ ያለው ነገር ነው። ሹካው ሲንጋደድ ግን ፊተኛው ጎማ መሬት የሚነካበት ነጥብ መሪው ከሚዞርበት መሥመር ወደ ኋላ እየራቀ ስለሚሄድ፣ ሞተር ብስክሌቱ በዝግታ ሲነዳ መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ ይጀምራል፤ በጠባብ መንገድም መጠምዘዝ ትግል ይሆናል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት ከረዳቶቹ ጋር በሎስ አንጀለስ የደረሱ 900 አደጋዎችን ከሥፍራው ተገኝቶ መርምሮ በ1981 ባወጣው ጥናት ላይ፣ በዚህ ዓይነትና በካፌ እሽቅድምድም ዓይነት የተለወጡ ሞተር ብስክሌቶች በአደጋ ውስጥ ከቍጥራቸው በላይ ሆነው መገኘታቸውን ገልጿል። ጥፋቱ የብረቱ ነው ወይስ እንዲህ ያለውን ብረት የሚመርጠው ሰው ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ነጥሎ ነጻ ማውጣት አይቻልም ባይ ነኝ።

ይኸው ጥናት ስለ እግር መከላከያ ብረት የሰጠው ፍርድ ለእኛ አገር ሰው በተለይ የሚጠቅም ነው። በደቡብና በምዕራብ ከተሞቻችን ሰው የሚያመላልሱት ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከቱቦላሬ የተበየደ ቀስት መሰል ብረት ከፊታቸው ይዘዋል፤ ባለቤቱም እግሬን ያድንልኛል ብሎ ያምናል። ኸርት ያገኘው ግን ብረቱ በቁርጭምጭሚትና በእግር መዳፍ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የቀነሰውን ያህል በጉልበትና በጭን ላይ የሚደርሰውን የሚጨምር መሆኑን ነው። እንግዲህ የዚህ ብረት እውነተኛ ጥቅሙ ሞተር ብስክሌቱ ቆሞ ሲወድቅ ሰርባቶዮው እንዳይጨረመት፣ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መያዣም እንዳይሰበር ማድረግ ነውና፣ ለዚያ ሲባል መግጠም የተገባ ነው። አጋጣጠሙ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በየብየዳ ቤቱ እንደሚታየው ሞተሩን ከቴላዮው ጋር በሚያስረው ብሎን ላይ ብረቱን ደርቦ ሲያስሩት፣ ብሎኑ አጥሮ ዳዶው በጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዛልና፣ በብረቱ ውፍረት ልክ የረዘመና ጥንካሬው ከፊተኛው የማያንስ ብሎን መፈለግ ግድ ነው። ቴላዮው ላይ ቀጥታ መበየድ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ የብየዳው ሙቀት ዙሪያውን ያለውን ብረት ጠባዩን ለውጦ የሚሰነጠቅበትን ቦታ ያዘጋጃልና።

ነፋስ መከላከያውም ሰፊ ታሪክ አለው። የኢሊኖዩ ክሬግ ቬተር በ1971 ዊንድጃመር የተባለውን መከላከያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ከቀድሞዎቹ የለየው በመሪው ላይ መንጠልጠሉ ቀርቶ በቴላዮው ላይ መታሰሩ ነበር። በመሪ ላይ የታሰረ ሰፊ መስተዋት ነፋስ በገፋው ቍጥር መሪውን አብሮ ስለሚገፋ፣ ሞተር ብስክሌቱ በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል፤ በቴላዮ ላይ የታሰረው ግን የነፋሱን ጕልበት ለጠቅላላው አካል ያካፍለዋል። ሆንዳ በ1975 ጎልድ ዊንግ የሚባለውን ረጅም መንገደኛ ራቁቱን ሲያወጣ፣ ገዢዎች የቬተርን መከላከያና የጎን ሻንጣ በገዛ እጃቸው እየገጠሙ ይሄዱበት ስለ ነበር፣ ኩባንያው በ1980 መከላከያውንና ሻንጣውን ራሱ ገጥሞ አቀረበ። የእሽቅድምድም ተወዳዳሪ የነበረው ጁዜፔ ቪሰንዚም በ1978 በኢጣሊያ ያቋቋመው ጂቪ ዛሬ በሞተር ብስክሌት ሻንጣ በዓለም የታወቀ ነው። ፋብሪካዎች ከባለቤቶች እጅ የተማሩት ነገር ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ሐተታ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው፤ በገዛ እጅ ከሚሠራው ሥራ ብዙው በዚህ በኩል የሚመጣ፣ ከሚደርሰውም ብልሽት ብዙው በዚሁ በኩል የሚገባ ነውና። በአገራችን በብዛት የሚነዱት ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች የሚያመነጩት ኃይል ብዙ አይደለም። ለምሳሌ 100 ዋት የሚያመነጭ አንድ ሞተር ብስክሌት ቢኖር፣ የፊት መብራቱ 35፣ የኋላው 5፣ የካንዴላው ሥርዐት 20 ያህል ዋት ቢወስዱ የሚተርፈው 40 ዋት ነው፤ ይህም ሞተሩ በሚገባ ሲዞር የሚገኝ እንጂ ቆሞ ሲንተከተክ የሚገኝ አይደለም። በዚህ ላይ ባለ 55 ዋት ሁለት ተጨማሪ መብራት የሚገጥም ሰው 110 ዋት ከሌለበት ማሰሮ ሊቀዳ መነሣቱ ነው። መብራቶቹ ሲበሩ ይበራሉ፤ ጉድለቱን ባትሪው ይከፍላልና ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ሲል ባለቤቱ የባትሪውን ሻጭ ይረግማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ኃይሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው። 110 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል ከ9 አምፔር በላይ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ በመሪው ላይ ባለው ትንሽ ማብሪያና እንደ ክር በቀጠነ ሽቦ ማሳለፍ ማብሪያውን ማቃጠል፣ መብራቱንም ማደብዘዝ ነው። ስለዚህ ሬሌ የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ማብሪያው ሬሌውን ብቻ በጥቂት ኃይል ያዝዛል፣ ሬሌው ደግሞ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ የመጣውን ኃይል ለመብራቱ ያቀብላል። ከባትሪው ምሰሶ በወጣው ሽቦ ላይም፣ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ፣ ፊውዝ ሊገባ ይገባዋል። ብዙ ሰው ፊውዙ መብራቱን የሚጠብቅ እየመሰለው ከመብራቱ አጠገብ ያኖረዋል፤ የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ስለ ሆነ፣ ፊውዙ ከፊት ለፊት ሲቀመጥ ከባትሪው እስከ እርሱ ያለው ሽቦ ሁሉ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ ያ ሽቦ ከሰርባቶዮው በታች ተልጦ ብረት ሲነካም የቤንዚን ጎረቤት የሆነ እሳት ይነሣል።

የሽቦውን ጤንነት ለማየት የሚሻ ሰው የመሪውን አንገት ይመልከት። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዞረ ቍጥር ሽቦዎቹ በዚያ ይታጠፋሉ፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠብቆ የታሰረ ሽቦ ካለ፣ ልባሱ ከውጭ ደህና መስሎ እየታየ የውስጡ መዳብ ክር በክር ይበጠሳል፤ መብራቱም መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር እየጠፋ ወደ ግራ ሲዞር ይበራል። ሽቦን ከሽቦ አጣምሞ በስኮች መጠቅለልም ለአንድ ክረምት ብቻ የሚሆን ብልሃት ነው፤ ዝናቡ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። በመቈንጠጫ የተጨመቀ የብረት መያያዣ፣ በላዩም በሙቀት የሚኰማተር ፕላስቲክ የለበሰ ይሁን። በመንቀጥቀጥ ላይ በሚኖር መሣሪያ ላይ ብቻውን በቆርቆሮ ብየዳ የተያያዘው ሽቦ ብየዳው ከሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ይሰበራል።

ስለ መብራት ሌላም የሚነገር አለ። ለተለመደው አምፖል በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ ኤልኢዲ ከቶ ከሩቅ ነጭ ብርሃን ማየት ዛሬ የተለመደ ነው። የመብራቱ ቤት ጎድጓዳ መስተዋት የተሰላው ግን የአምፖሉ ክር በሚገኝበት አንድ ነጥብ ላይ ነውና፣ ብርሃኑ ከዚያ ነጥብ ሲለይ ወደ መንገዱ በመውረድ ፈንታ ወደ ተቃራኒው ነጂ ዓይን ይበተናል። ለኤልኢዲ የተሠራ ሙሉ የመብራት ቤት መግዛት ውድ ነው፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ መክተት ግን ዋጋውን ለሌላ ሰው ማስከፈል ነው። በጎማው ዙሪያ ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን የሚያዞሩትን በተመለከተ የምለው የለኝም፤ ጌጥ ስለ ሆነ ፈራጁ ባለቤቱ ነው።

ስርቆት በመብዛቱ ብዙዎች ሥፍራውን በስልክ የሚነግር መከታተያ ደብቀው ይገጥማሉ። ይህ መሣሪያ ቁልፉ ሲዘጋም ነቅቶ የሚያድር ስለ ሆነ፣ 20 ሚሊአምፔር እንኳ ብቻ ቢወስድ፣ ባለ 5 አምፔር ሰዓት ትንሽ ባትሪ በ250 ሰዓት፣ ማለት በአሥር ቀን ከጥቂት ውስጥ ባዶ ይሆናል።

መሪ የሚለውጥ ሰው ደግሞ ሥራውን ከመጨረሱ በፊት አንድ ፈተና አለበት። መሪው ከፊተኛው ሲረዝም ወይም ሲሰፋ የነዳጅ መስጫው፣ የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ገመዶች የቀድሞ ርዝመታቸው ላይበቃ ይችላልና፣ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሹን ባዶ አድርጎ፣ መሪውን እስከ ግራ ጥግ ከዚያም እስከ ቀኝ ጥግ በዝግታ ያዙረው፤ ጆሮውንም ይስጥ። እጁ ነዳጅ ሳይሰጥ የሞተሩ ድምፅ በአንዱ ጥግ ላይ ከፍ ካለ፣ ገመዱ እየተወጠረ ነዳጅ እየሰጠ ነው፤ በጠባብ መንገድ ተጠምዝዞ ሊመለስ ሲል ሞተር ብስክሌቱ በራሱ ፈቃድ ይወረወራል ማለት ነው። የፍሬኑ ቱቦም በሁለቱም ጥግ ሳይወጠርና ሳይታሰር መንቀሳቀሱ በዓይን ይታይ። ፈተናው የሚወስደው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አዲሱን መሪ ይዞ በመስተዋት ራሱን ለማየት ስለሚቸኩል ይዘለዋል።

የክብደት ሒሳብ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 130 ሴንቲ ሜትር ርቀት ባለው ሞተር ብስክሌት ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ከኋላው ጎማ እምብርት 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ 20 ኪሎ ቢጫንበት፣ የፊተኛው ጎማ ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ ይቀልላል፤ የኋላው ከ24 ኪሎ ተኩል በላይ ይጨምራል። ጫኙ 20 ኪሎ የጫነ ሲመስለው ከመሪው ጎማ ላይም ቀምቷል። መሪውን የሚይዘውና በፍሬን ጊዜ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ይኸው የፊተኛው ጎማ ነው። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ወደ ነጂው መቀመጫ ቀርቦና ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ ቢቀመጥ ይሻላል። በ1980 ቢኤምደብልዩ አር 80 ጂ/ኤስን ካወጣ ወዲህ የረጅም ጉዞ ሰዎች ትልልቅ የአሉሚኒየም ሣጥን መጫንን እንደ ሥርዐት ይዘውታል፤ ቴድ ሳይመን ግን ከ1973 ጀምሮ በአንዲት ባለ 500 ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ሲዞር፣ በእኛም አገር ሲያልፍ፣ ያ ሁሉ ሣጥን አልነበረውም። ጭነት ለሚያበዛ ሰው ከሣጥኑ በፊት የአሞርዛቶሪውን ሞላ ማጥበቅ፣ ካልበቃም መለወጥ ይቀድማል፤ ነጂው ተቀምጦ ጭነቱ ተጭኖ ሞላው ከጠቅላላ መንገዱ አንድ ሦስተኛ ያህል ቢጐብጥ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢወርድ መብራቱ ሰማይ ያያል፣ መሪውም ይቀልላል።

የአየሩ ጉዳይ በደጋ አገር ለሚኖር ሰው ልዩ ትርጓሜ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ የተቃኘ ካርቡራተር በዚህ ቦታ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ለጥቂት አየር ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቍራል፣ ሞተሩም ይደክማል። አንዱ ባለቤት ታዲያ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ሲጥል ሞተሩ ቀለል ያለ ይመስለዋል፤ እውነትም ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር በጥቂቱ ተመጣጥኗል። ከዚህ የተነሣ ማጣሪያ ማውጣት ኃይል ይጨምራል የሚለው እምነት በየጋራዡ ጸንቶ ይኖራል። ዋጋው የሚከፈለው ከሲሊንደሩ ነው፤ በማጣሪያው ይቀር የነበረው የመንገድ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ፒስቶንና ቀለበቱን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ትክክለኛው መድኃኒት ማጣሪያውን በቦታው ትቶ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ደረጃ በጠበበ መለወጥ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ግን ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ የቀድሞውን ቀዳዳ መመለስ አለበት፤ በወፍራሙ አየር ቤንዚኑ ሲያንስ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስቶኑም እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ቤንዚንን በኤሌክትሮኒክ የሚረጩት አዲሶቹ ሞተሮች ይህን ልዩነት በራሳቸው ይለካሉ።

ማርሚታ መለወጥም ከዚሁ ከአየር ሒሳብ የሚገባ ነው፤ ባዶ ማርሚታ ብዙውን ጊዜ ጩኸት ይጨምራል እንጂ ጕልበት አይጨምርም፣ በዝቅተኛ ዙር ላይም ጕልበት ሊያሳጣ ይችላል። ሕጉም በዚህ ላይ ጽኑ ነው። በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ የሚሠሩ የመንገድ ሞተር ብስክሌቶች ድምፅ በፌዴራሉ መለኪያ ከ80 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተወስኗል። በ2016 ደግሞ ሐርሊ ዴቪድሰን የጭስ ቁጥጥሩን የሚያዛባ መሣሪያ 340,000 ገደማ ሸጧል ተብሎ 12 ሚሊዮን ዶላር የፍትሐ ብሔር ቅጣት ሊከፍል ተስማማ። በጀርመን አገር በሞተር ብስክሌት ላይ የሚገጠም ዋና ዋና ዕቃ ፈቃድ የሚመሰክርለት ወረቀት ከሌለው፣ በመርማሪ ታይቶ በመዝገብ ካልሰፈረ፣ ሞተር ብስክሌቱ የመንገድ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። በእኛ አገር ዓመታዊው ምርመራ አለ፤ ባለቤቱም ቦሎ ለማግኘት የተገጠመው ሁሉ እንደማያስወቅሰው ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ባለቤቱ ራሱ ይሥራው ወይስ ለባለሙያ ይስጠው የሚለው ጥያቄ ላይ፣ ሮበርት ፐርሲግ በ1974 ባሳተመው የሞተር ብስክሌት ጥገናን ከፍልስፍና ጋር ባዛመደው መጽሐፉ ውስጥ የጻፈው አንድ ነገር ይታወሳል። የወዳጁ ቢኤምደብልዩ መሪ እየላላ ሲያስቸግረው፣ ተራኪው ከቢራ ቆርቆሮ ስስ ቁራጭ ቈርጦ በመያዣው ውስጥ እንዲያስገባ ይመክረዋል፤ ወዳጁ ግን እንዲህ ባለ ውድ ሞተር ላይ የቢራ ቆርቆሮ መባሉን እንደ ስድብ ይቈጥረዋል። አሉሚኒየሙ ለሥራው እጅግ የተመቸ ነበር። እኔም ፍርዴ ወደ ተራኪው ያዘነብላል፤ በአዲስ አበባው ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት ቁምነገር የሚሠሩትን ሰዎች ያየ ሁሉ ዕቃ በመለያው ስም እንደማይመዘን ያውቃል። ነገር ግን ፍሬን፣ የጎማ እምብርትና የመሪ አንገት በሚነካ ሥራ ላይ ራሱን የማይተማመን ሰው ለባለሙያ ቢያስረክብ ያስመሰግነዋል እንጂ አያሳፍረውም።

በራሱ የሚሠራ ሰው ሊይዛቸው ከሚገባው መሣሪያዎች አንዱ የማጥበቂያውን ጕልበት የሚለካ ቁልፍ ነው፤ ሌላው ብሎን በመንቀጥቀጥ እንዳይላላ የሚያደርገው፣ በ1953 የተጀመረውና ሎክታይት በሚል ስም የታወቀው ዓይነት ፈሳሽ ነው። ብሎን አጥብቆ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጕዞ በኋላ ዳግመኛ መፈተሽም አዲስ የተገጠመ ነገር ሁሉ የሚጠይቀው ሥርዐት ነው። ከሞተር ብስክሌቱ የተነቀለው የፋብሪካው ዕቃ፣ ማርሚታውም ቢሆን መስተዋቱም ቢሆን፣ ከብሎኑና ከሮንዴላው ጋር በከረጢት ታስሮ፣ ከየት እንደ ወጣ ተጽፎበት በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ በምርመራው ዋዜማ ወይም ሞተር ብስክሌቱ በሚሸጥበት ጊዜ ገዢው ዋናውን ዕቃ ሲጠይቅ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ መዞር ይቀራል።